ከሙሽራዋ ጀርባ

መቼም ይሄ ስልክ የሚባል ነገር የማያመጣው ጉድ የለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የድሮዋን አዲስ አበባ ፊልም ይዞልን ይዞራል። አንዱ ለአንዱ ይልካል፣ ያኛውም ለሌላው ያስተላልፋል። ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ የተቀመጠው የማታውቁት ሰው ሳይቀር ስልኩን ወደ እናንተ አዘንብሎ «እስቲ ይቺን ከተማ እይዋት!» ይላችኋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከመኪና ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ እጅ ይነሣል፤ ፈረሰኛው ያልፋል። ከሥሩ አንጀት የሚበላ ትዝታ ተለጥፎበታል። ከዚያ የተለመደው ክርክር ይከተላል። ግማሹ «ወይ የድሮ ጊዜ! እንዴት ያለች ንጹሕ ከተማ ነበረች!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ተወው ባክህ፣ ሰዉ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ የሚሄደው!» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም የሚያዩት ግን አንድ ቦታ ነው፤ የፊልሙን መሐል።

እኔ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። መሐሉን ለተከራካሪዎቹ እተውና ዳር ዳሩን አያለሁ። ካሜራ ያነሣው ሰው ሊያሳየን የፈለገውን ሳይሆን፣ ሳያስበው ከካሜራው ውስጥ የገባበትን ነገር። ከንጉሡ መኪና ኋላ የቆመውን እንጨት፣ ከአጃቢው ትከሻ በላይ የተወጠረችውን ሽቦ፣ ስብሰባ የተቀመጠው ሰው ጆሮው ላይ ያደረገውን ዕቃ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስለ ዘመኑ ይበልጥ የሚናገረው አንዳንዴ ይሄ የዳሩ ነገር ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የሚያሳየውን ፊልም ያላየ ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም የምናየው እግሩን ነው። ባዶ እግሩን! በሚቀጥለው ስታዩት ግን ከእግሩ ቀና በሉና የመንገዱን ዳር እዩት። ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። አዎ፣ እሳት የሚንቦገቦግበት ችቦ! ሙቀቱን ለመሸሽ ተብሎ ውድድሩ ወደ ማታ ስለተጀመረ ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ጨልሞ ነበር። ያ ኦሎምፒክ እኮ ለአውሮፓ በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈ፣ ለአሜሪካ ደግሞ የተቀረጸው ቴፕ በአውሮፕላን እየተጫነ ኒው ዮርክ ደርሶ የታየ ነው። እንግዲህ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ቴሌቪዥንና ችቦ ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ነው። ፈረንጅም በችቦ የሚያመሽበት ቀን ነበረው! ቀኑንስ ልብ ብላችሁልኛል? ጳጉሜን 5። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የሮም ወታደሮች ሳያውቁት የእኛን የዋዜማ ችቦ አበሩልን።

ሌላ ልጨምር። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የተነሡትን ፊልሞች ስናይ ዓይናችን የሚሄደው ወደ መሪዎቹ ነው። ንክሩማን እንፈልጋለን፣ ናስርን እንፈልጋለን። እስቲ ጆሯቸውን እዩልኝ! የማዳመጫ መሣሪያ አድርገዋል። አንዱ በፈረንሳይኛ ሲናገር ሌላው እዚያው ወዲያው በእንግሊዝኛ ይሰማዋል። ዛሬ ልጆቻችን ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው የሚዞሩት ዕቃ አያቱ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነበር እላለሁ፣ እያጋነንኩ ካልሆነ። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ሁሉ ሲሆን አገራችን ገና ቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበራትም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ነው።

የጣልያኖቹ ፊልሞች ደግሞ የባሱ ናቸው። ሙሶሊኒ ሉቼ የሚባል የፊልም ድርጅት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመ። ሥራው ምን መሰላችሁ? «ጨለማ ውስጥ ላለ ሕዝብ ሥልጣኔ አመጣንለት» ብሎ ለዓለም ማሳየት። ታዲያ ሥልጣኔ የሌለበትን አገር ሲያነሣ ካሜራው ዳር ላይ ምን ይገባበታል? የለገሃር ባቡር ጣቢያ። ባቡሩ እኮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው፤ ጣልያን በሚያዝያ 1928 ከመግባቱ 19 ዓመት ቀድሞ። ከጎዳናው ዳር ደግሞ የስልክ እንጨት ተተክሏል። ስልክ ምኒልክ ዘመን የገባ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ወረራው ሲያንዣብብ ለዓለም አቤት ያሉት አቃቂ ላይ ከቆመ የራዲዮ ጣቢያ ነበር። እናም ካሜራው ሊዋሽ መጥቶ፣ ጀርባው ላይ የቆመው የስልክ እንጨት አጋለጠው። ሽቦው ምስክር ሆነ።

መሐሉማ ምን ጊዜም እንደ ቆራጩ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ማታ ምን እንደታየ ታላላቆቻችንን ጠይቋቸው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቆርጦና ተቀጥሎ በቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚመጣ የወሰነው ግን መቀስ የያዘው ሰው ነው። ዳር ያለውን ነገር ግን መቀስ የያዘውም ሰው ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ስለማያስፈልገው ይተወዋል። ስለተተወ ደግሞ ይተርፋል።

የእኛ ሰፈር ኮልፌ ቀራንዮ በነዚህ ታላላቅ ፊልሞች ውስጥ ዕድል አልቀናውም። ካሜራ የሚወደው ቤተ መንግሥቱን፣ ፒያሳን፣ ለገሃርን ነው። እኛ ጋ የመጣው ትልቅ ሰው ደግሞ ካሜራ የሚሸሽ ሆነና አረፈው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ በኅቡዕ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ግን አንድ ነገር አጫውቶናል። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይቶ ደነገጠ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል ብሎ! ከዚያ ወዲያው በገዛ ሐሳቡ ተገረመ፤ የሚታገለው ነገር እሱም ውስጥ ገብቶ አገኘው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አዛዥ ሆኖ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። እና የአየር መንገዳችንን የድሮ ፊልም ስታገኙ አስተናጋጇንና ነጩን አውሮፕላን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ደረጃውን እየወጣ ያለውን ባለ ኮፍያ ሰውዬም እዩት። ማንዴላን ያስደነገጠ ቴክኖሎጂ እሱ ነው።

ኮልፌን ታሪክ ባያነሣት ሠርግ አንሥቷታል። ከሰማንያዎቹ ጀምሮ ትከሻ ላይ የሚሸከሙት ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ መጣና ከ18 ማዞሪያ እስከ አየር ጤና ያለ ሠርግ ሁሉ ካሴት ውስጥ ገባ። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው መብራት ይይዛል፣ ሦስተኛው ሽቦውን እየጎተተ ሰው እንዳያደናቅፍ ይለማመጣል። የእኛ የፊልም ቤተ መዛግብት ያ ነው። በየቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሻንጣ በላይ፣ ከብርድ ልብስ በታች የተቀመጠ።

ከነዚህ አንዱ ዘንድሮ አክስቴ ቤት ወረደ። የትልቋ ልጇ ሠርግ ነው፤ ጥር 1986 ዓ.ም። የዚያች ሙሽራ ልጅ አሁን በተራዋ ልትዳር ስለሆነ «የእማዬን ሠርግ ካላየሁ» አለች። ሰፈር ውስጥ «የቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ጋ ተወስዶ ተገለበጠ። እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻው ተበተነ፣ ቤተሰቡ ተሰበሰበና ፊልሙ ተከፈተ።

ሳቁ ወዲያው ጀመረ። ሙሽራዋን ማን አይቷት! «እንዴ! ቴሌቪዥኑ በር አለው!» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነው፤ ባለ እግር፣ በሩ የሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ በላዩ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። አንዱ ጥግ የከሰል ካውያ ቆሟል፤ ሌላው ጥግ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ። መብራት ቢጠፋ ተብሎ ማሾው መስኮት ላይ ተዘጋጅቷል። የከሰሉም ዘመን፣ የኤሌክትሪኩም ዘመን፣ የጋዙም ዘመን አንድ ሳሎን ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ። እኛ ዘመን የሚለወጠው ልክ እንደ ቀን መቁጠሪያ ገጹን ገልጠን ስንጥል ይመስለናል። ሳሎኑ ግን የሚለን ሌላ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አይሄድም፣ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅለታል እንጂ።

ከዚያ ካሜራው ከሙሽራዋ ኋላ ዞረና ስልኩ ታየ። ጥቁር፣ ቁጥሩ በጣት የሚዞር፣ ማዞሪያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት። በዚያ ጊዜ በሰፈሩ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር የአክስቴ ስልክ የመንደሩ ስልክ ነበር። መቀበል በነጻ ነው፤ ለመደወል ግን ቁልፉ ያለው አክስቴ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነው። ከስልኩ አጠገብ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጎንበስ ብሏል። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ። መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሌላው እጁ አንድ ነገር ይጠቀጥቃል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቆም ይላል። ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ።

«አቁመው!» አለች አክስቴ።

ፊልሙ ቆመ። አሁን የሁለት ልጆች አባት የሆነው ልጇ ሚስቱን አየና ሳቀ። «ለክፍሌ ልጅ ነበር የምደውለው» አለ።

«ጓጉንቸሩ እያለ?»

አስረዳን። የዚያ ዘመን ስልክ ማዞሪያው ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሩን ቁጥሩን ያህል ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ያደርገዋል። 5 ካዞራችሁ አምስት ጊዜ፣ ዜሮ ካዞራችሁ አሥር ጊዜ። ማዕከሉ ያለው ማሽን የሚቆጥረው ያንን መቆራረጥ ነው። መነጋገሪያው የሚያርፍባት ቁልፍም ስትነካ መስመሩን ትቆርጣለች። እንግዲህ ማዞሪያው ቢቆለፍ ምን ገዶት? ያንን ቁልፍ በልኩ እየጠቀጠቁ መቁጠር ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ስልክ ስድስት አሃዝ ብቻ ስለሆነ ለለመደው ሰው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጓጉንቸሩ የቆለፈው ጣትን እንጂ መስመሩን አልነበረም። «ሰፈር ውስጥ የማያውቀው ልጅ አልነበረም» አለ፤ ሁላችንም አጨበጨብንለት።

አክስቴ ግን አልሳቀችም።

«የስልኩ ሂሳብ...» አለችና ዝም አለች። ቀስ እያለ ነገሩ ሁላችንም ላይ ወረደ። በዚያ ዓመት ሂሳቡ በየወሩ እየናረ ሲመጣ «ቁልፍ አስቀርጻ ነው» ተብሎ የተጠረጠረችው ሳሎን የምትተኛው የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከፋሲካ በፊት ከቤት ወጣች። የሁለት ወር ደመወዟም ለስልኩ ተብሎ ቀረ። «አልነካሁም እማማ» እያለች ስታለቅስ ትዝ ይለኛል አለች ሙሽራዋ የነበረችው ልጅ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ሂሳቡ በሷ መሳበቡን ያኔ ይወቅ አይወቅ እኔ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልተናገረም።

«መልሰው» አለች አክስቴ። «ከመጀመሪያው አሳየኝ።»

ሁለተኛውን ጊዜ ማንም ሙሽራዋን አላየም። ሁላችንም ያቺን ልጅ እንፈልግ ነበር። አገኘናትም፤ ሦስት ጊዜ። አንዴ ጀርባዋን ሰጥታ መሶብ ይዛ ስታልፍ። አንዴ እጇ ብቻ፣ ውኃና ሳሙና ይዞ። በሦስተኛው ትሪ ተሸክማ ከጓዳ ብቅ ስትል ሙሽራዋን ጋረደቻት፤ ያን ጊዜ የካሜራ ባለሙያው ድምፅ ከፊልሙ ውስጥ ጮክ ብሎ ተሰማ። «አንቺ! ዞር በይ!» ልጅቷ ደንግጣ ቀጥታ ወደ ካሜራው አየች፤ ፊቷ የታየው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ዞር አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። ጠራ። ግን ከ30 ዓመት በላይ አድሮ ነው የጠራው። «የአባቷ ስም ማን ነበር?» አለች አክስቴ። ማንም አያውቅም። አንዱ «ከጎጃም ናት» አለ፤ ሌላው «የለም፣ ከወሎ ነው የመጣችው» አለ። የዚያ ሠርግ የእንግዳ ስም ዝርዝር እስከ ዛሬ አለ፤ የበሬው ዋጋ ሳይቀር ተጽፎ ተቀምጧል። የሷ ግን ምንም። በዚህ ቤት የቀረላት ነገር ያቺ ዞር በይ የተባለችባት ቅጽበት ብቻ ናት። አክስቴ ካሴቱን ወደገለበጠው ልጅ ላከችና ያቺን ፊት ከቪዲዮው አስወጥታ በወረቀት አሳተመች። ደብዘዝ ያለች ናት፤ ግን የሚያውቃት ሰው አይስታትም። አሁን የዚያን ጊዜ ጎረቤቶችን፣ አሠሪና ሠራተኛ ያገናኙ የነበሩትን ሴቶች እያሳየች ትጠይቃለች። «ደመወዟን ሳልከፍል አልሞትም» ብላለች። ልጇም የሚችለውን ያህል ይዞራል። እስካሁን አልተገኘችም።

ይሄን የማወራችሁ ለማስለቀስ አይደለም። ጊዜ ስለሌለን ነው። እነዚህ ካሴቶች እየሞቱ ናቸው። ቪዲዮ ካሴት ማለት በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተቀባ መግነጢሳዊ ዱቄት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፣ በተጫወተ ቁጥርም ይላላጣል። ዴኩም ቢሆን አልቋል። በዓለም ላይ የመጨረሻው የዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ማምረት ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም ነው። የሰፈራችን ካሴት ገልባጭ ያለችው አንዲት ዴክ ናት፤ ሻጋታ በነካው ካሴት ሁሉ ጭንቅላቷ ይቆሽሽበታል፤ በአልኮልና በጥጥ እየጠረገ ያስታምማታል። «እሷ ካረፈች እኔም አረፍኩ» ይላል። መለዋወጫ የሚያወጣው ሰው ከጣለው አሮጌ ዴክ ነው።

የሚጣለው ደግሞ ብዙ ነው። የአዲስ አበባ አሮጌ ነገር ለረጅም ዘመን መጨረሻው እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ረጲ ቆሼ ነበር፤ መጋቢት 2009 ዓ.ም ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የበላብን ያ የቆሻሻ ተራራ። ስንት የሠርግ፣ ስንት የክርስትና ካሴት እዚያ ውስጥ እንደገባ ማን ይቆጥረዋል? ፈረንጆቹ የራሳቸውን አልጣሉም። የእንግሊዙ ፓቴ ኩባንያ በ2006 ዓ.ም 85 ሺህ የዜና ፊልሞቹን በኢንተርኔት ለሁሉም ሰው ለቋል። የሉቼ ፊልሞች በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የእኛን ንጉሥ፣ የእኛን ባቡር፣ የእኛን የስልክ እንጨት ከነሱ ሣጥን ነው የምናየው። የእኛን ሳሎን ግን እነሱ አላነሡትም። ያ ያለው እኛ ቁም ሣጥን አናት ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ እንዲህ አድርጉ። ካሴቱን አውርዱት። ዴኩ ሳይሞት አስገልብጡት። አንድ ቅጂ ለእናንተ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ፤ ፍላሽም ይጠፋልና። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና ፊልሙን አንድ ታላቅ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እዩት። ሙሽራውንና ሙሽራዋን ታውቋቸዋላችሁ፤ እነሱን ተዉአቸው። ዳር ላይ ያለውን እያስቆማችሁ ጠይቁ። ይሄ ዕቃ ምንድን ነው? እንዴት ነበር የሚሠራው? ያቺ ትሪ የያዘችው ማን ናት? ያ ሽቦ ጎታች የማን ልጅ ነው? መልሱን ጻፉት፤ ከነአባት ስሙ።

እናታችሁ ካሉ ደግሞ ለነገ አታሳድሩት።